የቁስል መድኃኒት ዐዋቂው የአቶ ፍቅረሥላሴ ውብአየሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍቅረሥላሴ ውብአየሁ የሞቱት ሊድን ይችል በነበረ የእግር ቁስል ነው። ሆስፒታሉ አልገደላቸውም፤ የሰው ዓይንም አላገኛቸውም። የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ሳለ ከሁለት ወር በላይ ቁስላቸው ላይ የራሳቸውን መድኃኒት ብቻ እየነሰነሱ ቆዩ፤ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ዘግይተው ነው። ይህ በቅድሚያ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

አቶ ፍቅረሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ውብአየሁ ካሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሰና ገብሬ በ1942 ዓ.ም. በሱሉልታ ተወለዱ። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1960 ዓ.ም. ሰበታ መጥተው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በማሽን ጥገና ሠርተው በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለ ወርቁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች አፍርተዋል።

የቁስሉን መድኃኒት ያሳዩዋቸው አባታቸው ናቸው፤ አስምለዋቸውም ነበር። ተክሉ በስሙ አይጠራም፤ ሥሩን ሊቆፍር የወጣ ሰውም ቤቱ እስኪመለስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። አቶ ፍቅረሥላሴ መሐላቸውን ሃምሳ ዓመት ጠበቁ። አንድ ረቡዕ ከሱሉልታ ሥሩን ይዘው ሲመለሱ፣ «ወራጅ አለ» ማለት ስላልፈለጉ ሚኒባሱ ሰበታን አልፎ ተፍኪ አድርሷቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ትጊ የሥሩን ዱቄት ለመመረቂያ ጥናቷ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰደች። የተክሉን ስም ስትጠይቃቸው መልሳቸው «ዱቄቱን ሰጥቼሻለሁ፤ ስም ምን ያደርግልሻል?» ነበር። ከዱቄቱ በአልኮል የወጣው ፈሳሽ ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ተደረገ፤ በነጋታው ዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ባዶ ክብ ታየ። ይህን ያደረገው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ለመለየት ግን ተክሉ መታወቅ ነበረበት። ጥናቱ እዚያ ላይ ቆመ። ትጊ የውጤቱን ወረቀት ያለ በቂ ማብራሪያ ለአያቷ ሰጠች። ስሕተት ነበር።

ወረቀቱን በፍሬም አስገብተው ሕመምተኛ በሚቀበሉበት ክፍል ሰቀሉት። ሐኪም ቤት መሄድ የነበረበት ሰው ሁሉ የወረቀቱን ወሬ ሰምቶ መጣ። ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና ደም በደንብ በማይደርሰው የስኳር ሕመምተኛ እግር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ይህን አይልም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አዲስ ጫማ አቆሰላቸው። ወይዘሮ አስካለ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሸተተ እኮ!» ሲሏቸው፣ በጣታቸው ወደ ፍሬሙ እያሳዩ «ዩኒቨርሲቲ የመሰከረለትን አንቺ ልትሽሪው ነው?» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ተቆጡ። ሆስፒታል የገቡት ጥር 19 ቀን ነው። እግራቸው ቢቆረጥም መርዙ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸውና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። የብዙዎችን ቁስል ያጠቡትን እጆቻቸውን አስቦ፣ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ዱቄታቸው ቤቱ ያለ፣ ቁስሉም ያልዳነ ሰው ግን ከዚህ ቀብር ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለዚህም ጥር 19 ቀን የሆነው ይነበብ።

በዚያ ቀን ልጆቻቸው ሆስፒታል ሊወስዷቸው መኪና ደጅ አቁመው ሲለምኗቸው፣ የቡራዩ ወዳጃቸው ኦቦ ኢብሳ ለመድኃኒት መጡ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው። አቶ ፍቅረሥላሴ ጨርቁን ሲፈቱ የኦቦ ኢብሳ የእግር አውራ ጣት ጠቁሯል። ለራሳቸው ያልፈሩትን ለወዳጃቸው ፈሩ። ቤተሰቡ ሁሉ እየሰማም «ምስርች ነው» አሉ። «የምስርች ሥር። በኦሮምኛ ማራሲሳ የሚሉት። ትጊ፣ ጻፊው፤ ጥናትሽን ጨርሺ። አንተም ተነሣ ኢብሳ፣ መኪናው ለሁለታችን ነው።»

ኦቦ ኢብሳ «ሐኪሜ ሐኪም ፍለጋ ከሄደ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ተነሡ። እግራቸው ተርፏል፤ ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል።

አቶ ፍቅረሥላሴ ፍሬሙን ከግድግዳው አውርደው ለትጊ ሰጡ። ከዚያ በወዳጃቸው ትከሻ ተደግፈው ከክፍሉ ወጡ፤ በሩንም በገዛ እጃቸው ዘጉት።