በሰንበት የተጠመዱት በሬዎች

ይድረስ ለያረጋል፣ ለኔው ገበሬ፤

ከተለየኸኝ ክረምቱ አንዴ ገብቶ ወጥቷል። ሙት ዓመትህንም አውጥተናል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ ከፍኖተ ሰላምም ወዲያ አልተሻገርኩም። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ።

ቤቱ ያው ነው። ማሊያህ ከምስማሩ አልወረደም። እናትህ ከገበዝ ማርያም ለቀብርህ እንደመጡ እኔው ዘንድ ናቸው፤ እዚህ ላም የለ ጥጃ የለ፣ ጠዋት ተነስተው የሚጠብቁት ስላጡ እኔን ይጠብቃሉ። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ልብስ ስፌት ቤቷ ሁለተኛ መኪና አስገብታ፣ ነይና አብረን እንስፋ እያለች ትደውላለች። እሺ እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ እናትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አባትህ የሉ፣ ካንተ ሌላ ልጅ የላቸው፤ ጥያቸው ወዴት እሄዳለሁ?

ደግሞም የኳስ ደጋፊህ አለ። ትዝ ይልሃል ያ የመጀመሪያው ቀን? ጨዋታው ከቡሬ ጋር ነበር። ጎሉን አግብተህ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ሮጥክ፤ ሁለት ጓደኞችህን አንገታቸውን ይዘህ ጎን ለጎን አጎነበስካቸውና፣ ከኋላ እርፍ እንደጨበጠ ሰው ሆነህ «ና ቦራ! ሳብ!» እያልክ እስከ መሀል ሜዳ አረስክ። ሕዝቡ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም። የገበሬ ልጅ የሞላበት ሜዳ ነውና ሲገባው ግን በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ትልሙን አታጣምመው!» ብለው ጮሁብህ። ከዚያ ወዲያ ስምህ ገበሬው ሆኖ ቀረ። ደጋፊው ጅራፍ ይዞ መግባት ጀመረ፤ በር ላይ ያለው ፖሊስም ጅራፍ ሲሰበስብ ይውል ነበር። ዳኛው ጊዜ አባከንክ ብሎ ቢጫ ሲያሳይህ፣ ደጋፊው «እርሻ በካርድ ይቆማል ወይ?» እያለ ስንቱን ስድብ አወረደበት። እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነበር። ከአባትህ እርፍ ሸሽተህ ኳስ የመረጥክ ሰው፣ ደመወዝ እየተከፈለህ ታርስ ጀመር!

እናትህ ብቻ አልሳቁም። ወሬው ሲደርሳቸው በእርሻ መቀለድህ አልነበረም ያስጨነቃቸው፤ ጨዋታው እሑድ መሆኑ ነበር። «ልጄ በሰንበት በሬ ጠመደ» ብለው ለንስሐ አባታቸው ሊናዘዙልህ ሄዱ። ቄሱ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ በሬዎቹኮ ሰዎች ናቸው ቢሏቸው፣ ሰው ከሆኑማ ይብሳል ብለው መለሱ። ይህን ስትሰማ አልጋው ላይ በሳቅ ስትንከባለል ዛሬም ይታየኛል።

ከዚያ ወባ ያዘህ። ትኩሳት ነው፣ ይለቀዋል እያልን ሳለን አመለጥከን። እናትህ ከቀብርህ ወዲህ ስለዚያ እርሻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን ማሊያህን ቀና ብለው ያዩና ፊታቸውን ያዞራሉ። በሰንበት ማረሱ ነው የወሰደው ብለው እንደሚያስቡ አውቅ ነበር። ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሳቸውን ፈራሁት።

ከተማው ደግሞ በፍቅሩ አሰረኝ። ገበያ ስወጣ ድንች ሻጯ በሚዛኗ ብረት አርሳ ታሳየኛለች። ባጃጅ ነጂው «የገበሬው ሚስት!» ብሎ ጥሩምባውን ይነፋል። አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እንኳ ስለ ማዳበሪያ ሲወራ ሰው ዞሮ እኔን ያያል። ሁሉም ዓይኔን እያየ እንባዬን ይጠብቃል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ባወራችኝ ነገር ፈገግ ብል፣ ቶሎ ረሳችው ተብሎ ቡሬ ድረስ ተሰማ። ሐዘኔ የሰው ሁሉ ሆነና፣ ተሸካሚዋ ብቻ እኔ ሆንኩ። ያሬ፣ ታፈንኩ።

ባለፈው እሑድ የመታሰቢያ ጨዋታ አደረጉልህ። እኔንና እናትህን ሜዳው ዳር ወንበር ላይ አስቀመጡን። ከዕረፍት በኋላ ያንተን ቦታ የያዘው አጥቂ አገባ። ያኔ ሁለቱ በሬዎችህ መጥተው እኛ ፊት ጎን ለጎን አጎነበሱ። ከኋላቸው ማንም የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኔ ዞረ። እንባዬ ደግሞ ያን ቀን አልመጣም አለ። የምሸሽበት አልነበረኝም።

እናትህ ተነሡ። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ልጆቹ ሄዱ። «እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ሰንበት አይደለም እንዴ? በሬ አይጠመድም!» አሏቸው። ከዚያ በሁለት እጃቸው ቀንበር እንደሚያወርድ ሰው ካንገታቸው ላይ አነሡላቸው፤ ጀርባቸውን መታ መታ አድርገውም «በሉ ሂዱ፣ ጋጡ» አሉ። ያ ረጅሙ ተከላካይ እውነትም ወደ ሣሩ ጎንበስ አለልህ! ሜዳው ፈነዳ። ፖሊስ ያላገኘው ጅራፍ ሁሉ ጮኸ። እኔም አፌን ሳልሸፍን፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ስንመለስ እናትህ እጄን ይዘው ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ «እንዲህ ሰው ያሳቀን ልጅ እግዜር አይቀየምም» አሉኝ። ቀጥለው «አንች ልጅ፣ ባሕር ዳር መቼ ነው የምትሄጅው?» ሲሉኝ እግሬ ቆመ። ስልኩን ሁሉ ሲሰሙ ኖረዋል። እርሳቸውም ገበዝ ማርያም እህታቸው ዘንድ መመለስ ናፍቀው፣ እኔ ብቻዬን እንዳልቀር ብለው መቆየታቸውን ያኔ ነገሩኝ። ለካ እኔ ስለ እርሳቸው፣ እርሳቸው ስለ እኔ ተቀምጠን ኖረናል።

ገና አልሄድኩም። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው፤ ጥቁሬንም ነገ አወልቃለሁ እያልኩ ይኸው ቀኑ ይገፋል። ከተማው ምን ይለኝ ብዬ አሁንም እፈራለሁ። ብሄድም ግን አልረሳህም፣ ዓለሜ። ማሊያህን ይዤው ነው የምሄደው። ባሕር ዳርም ኳስ አለ፤ አግብቶ የሚጨፍር ባየሁ ቁጥር፣ የኔን ገበሬ የሚያህል የለም እያልኩ እስቃለሁ። አንተም አደራ፤ እዚያ ቀኑ ሁሉ ሰንበት ነው ይላሉና፣ በሬ እንዳትጠምድ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ