ከወለሉ ሥር የበሰበሰው እንጨት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽን ስሜ እንዴት ከረምሽ እላለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ? የዱርቤቴ ብርድስ አላስቸገረሽም? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለማንም ሳታስነብቢ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብቻ አይቅር።

መስከረም ላይ የማኅበራችን አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ በቆሎ ጭና ስትመጣ ወለሏ ተደርምሶ እንደ ሰጠመች ሰምተሻል። ይነዳት የነበረው ባልንጀራዬ አንዳርጋቸው ነው። ሰው አልሞተም፤ እህሉ ግን ጣና ውስጥ ቀረ። የሕዝብ እህል ሆን ብሎ አሰጠመ ተብሎ ይኸው ሁለት ወር ታሰረ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ተናግሮት ስለ ነበር፣ አሻጥረኛ ለማለት ብዙም አልተቸገሩ።

ጀልባዋ ተጎትታ ከወጣች በኋላ ጠግን ተብዬ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ወለሏን የሠራሁትም እኔው ነኝ። የላዩን ፋይበር በመጋዝ ቆርጬ ሳነሣው፣ ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች እንደ ረጠበ ዳቦ በጣቴ ተፈረፈሩ። የሰበረም የቀደደም ሰው የለም። በስብሶ ነው።

ያበሰበስሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ። አባባ ለቤት የሚሆነውን ዋንዛ ነቀዝ እንዳይበላው ሁለት ሳምንት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈው እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። እኔም ያንኑ ሙያ ይዤ እንጨቱን ሐይቁ ዳር ዘፈዘፍሁት፤ ከዚያ ላዩን ነክቼ የደረቀ መስሎኝ በፋይበር ሸፈንሁት። የቤት ወጋግራ ከቆመም በኋላ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ይኼ ግን መተንፈሻ አልነበረውም። ውኃ እንዳይገባ ብዬ ውኃውን ከውስጥ ዘጋሁበት። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ በስብሰባ አስጨበጨበልኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ቀን ካወጣሁት ብስባሽ ግማሹን ለቃቅሜ አነደድሁት። ማንም አላየኝም፤ ጭሱ ብቻ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ዋለ። በማግስቱ የአንዳርጋቸው ሚስት የብርጓል፣ ስንቁን ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድ እኔ ዘንድ ጎራ አለች። ሲፈታ የሚሠራባት ጀልባ እንድትኖረው አጠንክረህ ሥራልኝ አለችኝና ከባሏ ስንቅ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ዋጥሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ስንጣሪ አላነደድሁም፤ የቀረውን ብስባሽ በጆንያ ቋጥሬ አስቀመጥሁት።

ጀልባዋን ትናንት ጨረስሁ። ደረቅ ዋንዛ ፍለጋ ግሽ አባይ ሰፈርን ሁሉ ባስስ አጣሁ፤ ስለዚህ አባባ የሠራልኝን አልጋ አፍርሼ አግዳሚ አደረግሁት። አትቆጪኝ፤ መሬት መተኛት ብለምድ ይሻለኛል። አሁን እያንዳንዱን እንጨት በየጎኑ ውኃ መከላከያ ቀባሁት፤ የገባ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳም ተውሁለት። ዝሆን ቢጨፍርባት አትነቃነቅም።

ነገ ጠዋት ጆንያውን ተሸክሜ መርማሪው ዘንድ እቀርባለሁ። ቃሌን በወረቀት አስፍሬዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ አንቺን አልዋሽሽም። ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት ስላቸው ያምኑኝ ይሆናል፤ ላያምኑኝም ይችላሉ። የሰው ስንቅ ደግሜ መጉረስ ግን አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም። የብርጓል ዘንድ አስቀምጬ፣ ባሏ የተፈታ እንደ ሆነ ራሱ ዱርቤቴ ድረስ ወስዶ በእጁ ይስጥልኝ ብዬ አደራ እላታለሁ። እንግዲህ ከፊትሽ የተቀመጠው ሰው አንዳርጋቸው ነው። በጣም ከስቶ ይሆናል። እንዳታለቅሺበት፣ መጀመሪያ እህል አቅምሺው።

አምላክ ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ምርቃትሽም አይለየኝ። ለእሱ ስትጸልዪለት የከረምሽውን ጸሎት አሁን ወደ እኔ አዙሪልኝ።

ልጅሽ