እማዬ ለተራራህ ስትለማመድ

ይድረስ ለተከበርከው ወንድም ጋሼ፤ ከነጉምህ፣ ከነሙዝ ተክልህና ከነእንግዳ ማረፊያህ እንደምን ሰነበትክ?

በቤታችን ከፍተኛ ውሳኔ ተላልፏል፦ ወደ ዝናባሙ ተራራህ የሚጓዘው ጥቁሩ ጃንጥላ ነው። አበባ ያለበት «ኮረዳ ያስመስለኛል» በሚል በእማዬ ውድቅ ተደርጓል።

«ዳገቱ ቀላል ነው፣ አየሩም ያድሳታል፤ እናንተ ኑ» ብለህ ጽፈህልን የለ? እማዬም አምናህ በየማለዳው ከምድር ቤታችን ተነስታ በሕንጻችን ደረጃ ላይ ለተራራህ ትለማመዳለች። ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ጃንጥላውን ተመርኩዛ! መጀመሪያ ሰሞን ጣሪያው ድረስ ወጥታ ልብስ አስጥታ ትመለስ ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛ ፎቅ ካለው ልብስ ሰፊ ጋር ወሬ ጀመረች፤ ሰውየውም ወንበሩን ደጅ አወጣላት።

«ጨዋታው ጥሞኝ ነው እንጂ፣ ደክሞኝ መሰለሽ?» ትለኛለች፣ በየቃሉ መሃል እያረፈች።

ምን ጨዋታ አለው! ቀኑን ሙሉ እስፒል ነክሶ የሚውል ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ሳንነግረው ወንበሩን አንደኛ ፎቅ አወረደው።

ዛሬ ቦት ጫማዋን ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ። አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ወንድምሽ ዳገቱ ቀላል ነው ብሏል እኮ» አለችኝ።

አንተ ሰውዬ! እንግዶችህ ካላጎረስካቸው ቁርስ አይበሉም? ፏፏቴውስ አንተ ካላየኸው መውረዱን ይተዋል?

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ ልብስ ሰፊውም እስፒሉን ከአፉ አውጥቶ። እኔ ገና ሰላም አላልኩህም።

እህትህ

ማስተካከያ፦ ከላይ ጥቁሩ ጃንጥላ ወደ ተራራው እንደሚጓዝ የተገለጸው በስህተት ነው። ተጓዡ አንተ ነህ፤ ያውም በዚህ ሳምንት።