«ያቺ አይደለችም» ስለተባለችው ጂፔ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ዕድሜዎ በቢሮዎ ደጃፍ እንዳለው ሰልፍ የረዘመ፣ ወገብዎም በመንገዳችን ጉድጓድ ያልተፈተነ ሆኖ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ እናቷን ይዤ የምኖር፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነኝና አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይቅር ይበሉኝ። አማቴ ሳንባቸውን ስለሚያማቸው በየማክሰኞው ሆስፒታል መታየት አለባቸው። ሰፈራችን ዳገት ላይ ስለሆነ ታክሲ አይወጣውም፤ የምትወጣው አሮጌዋ ጂፔ ብቻ ናት። እርሷም የምርመራ ማለፊያ እስክታገኝ ድረስ፣ ወደ እናንተ ለመምጣት ካልሆነ በቀር እንዳትንቀሳቀስ ታዟል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. መጀመሪያ መርማሪዎ ኋላዋ ተኝቷል ብሎ ስለመለሰን እናመሰግናለን። እውነቱን ነው። ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ አብሮኝ ያረጀ ነበር፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገባው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ በየጉድጓዱ ያቃስት ነበር። ከጎረቤት ክሪክ ተውሼ፣ ግቢዬ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ባሌስትራውንም ጎሚኒውንም ራሴ ቀየርኩት።

፪. ሁለተኛ ስንመጣ ኋላዋ ተነሥቷል ተብለን ስለተመለስን በድጋሚ እናመሰግናለን። እንደተናደድኩ ቤት ገብቼ ለጸሎት ብቆም፣ ከፈጣሪ ይልቅ ጎሚኒውን የሚያስረው ብሎን መጣብኝ፤ ለካ መኪናይቱ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ አጥብቄው ኖሯል። ይህ ብሎን መጥበቅ ያለበት ጂፒቱ በገዛ እግሯ ቆማ ክብደቷን ከተሸከመች በኋላ ነው። አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዞ ኋላዋን ሽቅብ ገትሮ ይይዛል፣ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። ፈታሁት፣ አወረድኳት፣ አጠበቅሁት፤ ልኳን ያዘች። መርማሪዎን በልቤ የሰደብኩትን ስድብም መልሼ ወሰድኩ። ግማሹን ግን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት። ማስቀመጤ በጀኝ።

፫. በሦስተኛው መርማሪዎ ከሥሯ ገብቶ አየ፣ ኋላዋ ላይ ወጥቶ ዘለለ፣ እንከን አጣ። እንከን በማጣቱ ግን ተጨነቀ። በመዝገባችሁ ያለችው ጂፕ ኋላዋ የተኛ ስለሆነች፣ ይህች ቀጥ ብላ የቆመችው ያቺ አይደለችም አለን። ቅርጿን ለለወጠች መኪና ፈቃድ የሚሰጡት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ በትሕትና ተነገረን። አማቴ ጋቢና ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄን ስሰጥህ እንኳ ይህን ያህል አልመረመርኩህም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ አራተኛ የለኝም። ሕግዎ መልካም ሕግ ይመስለኛል፤ ችግሩ በክሪክ ተንጠልጥሎ መጥበቁ ነው። እስቲ መሬት ያውርዱት፣ አንዲት ሳል የያዛቸው እናት ይጫኑበት፣ ከዚያ ያጥብቁት። እስከ ትናንት ስጸልይ የከረምኩት ስብሰባዎ እንዲያልቅ ነበር። ዛሬ ለራሴ ትዕግሥት ለመንኩ፤ የቱ እንደሚቀል ሰሚው ያውቃል።

ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ለመነሣት ባይመቸውም በአክብሮት እጅ የሚነሣዎ፣
የያቺም የይህችም ጂፕ ባለቤት

ማስታወሻ፦ የፊታችን ማክሰኞ ወደ ሆስፒታሉ በእግር እንወርዳለን። ቢሮዎ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስለሆነ አማቴ እዚያ ሲደርሱ አረፍ ይላሉ። ወንበር ፍለጋ አይድከሙ፤ የእርስዎ ይበቃቸዋል። አረፍ ሲሉ ደግሞ ያወራሉ።