«ቀጥ ብላ ትቁም» ላሉን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የልብስ ንድፍ አሳታሚው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉበት ፎቅ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ በፊት እጅ ነሥቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ? ወገብዎ፣ አንገትዎ፣ በተለይም ግራና ቀኝ ትከሻዎ እኩል ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኩል ያልሆኑ እንደሆነ በገዛ ድርጅትዎ መስተናገድ እንደሚቸግርዎ ከራስዎ ደብዳቤ ተረድቻለሁና። እኔ ጣቴን አራት ቦታ መርፌ ከመውጋቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመሬት ቀያሽ ሆኜ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ሲለብስ ማየቱን ስላልቻልኩት መስፋት ጀመርኩ፤ ሰፈርተኛውም ሳይውል ሳያድር «ኢንጂነር መርፌ» ብሎ ሰየመኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከካልሲ በቀር የለበስኩትን ሁሉ የሰፋሁት፣ ልብስ ሰፊዎች ፓተርን የሚሉትንና ድርጅትዎ በፖስታ አሽጎ የሚልከውን የንድፍ ወረቀት ጨርቅ ላይ ዘርግቼ፣ መስመሩን ተከትዬ እየቆረጥኩ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፍልዎ እንደ ባላንጣ ሳይሆን እንደ አሮጌ ደንበኛ ነው። በጋዜጣ ማውጣቴም በግል የሰጡኝ መልስ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የበዛ ሆኖ ስለታየኝ፣ ሌላውም ይቋደሰው ብዬ እንጂ ክፋት አስቤ አይደለም።

ቅሬታ ማለቱ ይከብደኛል፤ ምስጋና ልበለውና በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. ስለ ካታሎግዎ አመሰግናለሁ። በየሦስት ወሩ፣ ጠየቅንም አልጠየቅንም፣ በቤቴ ሚዛን ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን አንጸባራቂ መጽሐፍ ለየደንበኛው ይደርሳል። ውስጡ ያሉት ሰዎች ሁሉ መልከ መልካሞች ናቸው፤ ሁሉም ቆመዋል። ከዳር እስከ ዳር ገልጬ የተቀመጠ አንድ ሰው አጣሁ። ምክንያቱ የገባኝ በእርስዎ ንድፍ የሰፋሁትን ሱሪ ለብሼ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ቁጭ ያልኩ ዕለት ነው። ከኋላዬ የወጣውን ድምፅ ፀጉር አስተካካዩ በጨዋነቱ እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። ድምፁ የጨርቅ መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ለማስረዳት ደግሞ መነሣት ያስፈልግ ነበር፤ መነሣት ግን አልቻልኩም። ወረፋው እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጬ፣ የነበረኝንም ያልነበረኝንም ጢም ተላጨሁ።

፪. በማሸጊያው ላይ በትልቁ «ቀላል፤ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ» ብለው ስለሚያትሙት ማበረታቻ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የማን ከሰዓት እንደሆነ ስላልጻፉ ግን ዋሹ ማለት አልችልም።

፫. ስለ መመሪያ ቁጥር ስምንት ልዩ ምስጋና አለኝ። «በሌላውም ወገን እንዲሁ ይደገም» ትላለች። የቀኙን ትከሻ ሰፍተህ ስትጨርስ ግራውንም እንደዚያው ስፋ ማለቷ ነው። በሥራ ዘመኔ ከተራራው ወዲህ ያለውን ብቻ ለክቶ፣ «ወዲያም እንዲሁ ነው» ብሎ ካርታ ያስረከበ አንድ ባልደረባ ነበረኝ። ወዲያ ገደል ነበር። ሰውዬው ከሥራ ተባረረ፤ ያኔ የእርስዎን አድራሻ ብናውቅ ኖሮ ግን አንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈት ሆኖ ባልዋለ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ማሟሟቂያ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

፬. ታናሽ እህቴ ፖስተኛ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት በእግሯ ደብዳቤና ጥቅል ስታድል ኖራ በዚህ ሳምንት ጡረታ ትወጣለች፤ መሥሪያ ቤቷም የፊታችን ዓርብ በአዳራሽ፣ መድረክ ላይ አውጥቶ ሊሸኛት ነው። በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አላት። «ለጥሩ ቀን ነው» እያለች ሃያ ሰባት ዓመት በሻንጣ አስቀመጠችው፤ እስከዚያው በዩኒፎርም ኖረች። ዘንድሮ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ጥሩው ቀን ሳይደርስ አልቀረም፤ ኮት ስፋልኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ዛሬ ገበያ ላይ የለም፤ ቢሳሳቱበት መተኪያ የለውም።

የእህቴ ግራ ትከሻ ከቀኙ በሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቦርሳው የሚንጠለጠለው በዚያ በኩል ነው። እኔም አሥር ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መቀስ ከማንሣቴ በፊት ልኳን በዝርዝር ጽፌ «ለሦስቱ ሴንቲ ሜትር ምን ላድርግ?» ስል ክቡርነትዎን በትሕትና ጠየቅኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በእርስዎ ፊርማና በድርጅቱ ማኅተም መልስ ደረሰኝ፦ «ንድፋችን በመደበኛ የሰው ቁመና ላይ ተመርምሮ የተዘጋጀ በመሆኑ ስሕተት የለበትም። ተለኪዋ ቀጥ ብላ ትቁም።»

ደብዳቤውን ያመጣችልኝ ራሷ ተለኪዋ ነበረች። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ምን ይዞ እንደመጣ ሳላውቅ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሰምታ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ማኅተም ሳይ የምታዘዝ ሰው ነኝ። «በይ እንግዲህ ቀጥ በይ» አልኳት። ትንፋሿን ይዛ ቀጥ አለች። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ በሌላውም ወገን እንዲሁ ደገምኩ። ኮቱ ትንፋሿን ይዛ እስከቆመች ድረስ ካታሎግዎ ላይ ያለውን ቁርጥ ነበር። ስትተነፍስ ግን ኮሌታው ወደ ግራ ተንሸራተተ፣ የግራው ጫፍ ከቀኙ አልፎ ወረደ፣ ጀርባዋ ላይ ጨርቁ እንደ ጆንያ ተጨማደደ። በመስተዋቱ አየችው። እኔ እርስዎን ልራገም አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝና «ይቅርታ ጋሼ፣ ጨርቁን አበላሸሁብህ» አለችኝ።

የገዛ ጨርቋን እኮ ነው፣ ክቡር ሆይ! ሃያ ሰባት ዓመት ያስቀመጠችውን!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ቀጥ ማለትን ትለማመድ ጀመር። ቦርሳውን ወደ ቀኝ አዛወረችው፤ ቀኙም አመማት። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሽኝቱ ላይ እንደማትገኝ፣ የምስክር ወረቀቱንም በፖስታ እንዲልኩላት ለአለቃዋ ተናገረች፤ ማን እንደሚያደርሰው አላሰበችበትም። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው በር ስታንኳኳ ያላፈረች ሴት በትከሻዋ አፈረች። ይህን ስሰማ ተቆጣሁ፤ በእርስዎ ብቻ ሳይሆን በራሴም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል፤ ማኅተሙን ፈርቼ ትከሻዋን ወቀስኩ።

ያን ዕለት ኮቱን ተረተርኩት። ቀያሽ ድንበር ሲያሰምር መፈናፈኛ ይተዋል፤ በዚሁ ልማድ መመሪያዎ ከሚፈቅደው በላይ የስፌት ትርፍ ትቼ ስለነበር ጨርቁ ተረፈ። ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ እህቴን እንደ መሬት ቀየስኳት፤ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ትንፋሿን ሳትይዝ፣ እያወራች። ካርታውና መሬቱ ሲጣሉ የሚታረመው ካርታው ነው፤ ተራራን «እስቲ ጠጋ በል» ያለ ቀያሽ በዘመኔ አላየሁም። ኮቱ ደረሰ። ኮሌታው ሥር ትንሽ የተሸበሸበ ቦታ አለ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ በእርስዎ አላሳብብም። እህቴ ለብሳው መስተዋት ፊት ቆመች፣ ተነፈሰች፣ አላመነችም መሰለኝ እንደገና ተነፈሰች፣ ከዚያ «እንዴ!» ብላ ሳቀች። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። አልተቀደደም።

፭. የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ሦስቱ ሴንቲ ሜትር ነው። እህቴ በምታድልበት መስመር አርባ ሦስት የካታሎግ ደንበኞች አሉዎት። ካታሎግዎ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል፤ ይህ በዓመት አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው። መላክ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ የደንበኛው ቁጥር ጨመር ቀነስ ቢል እንኳ ስምንት ቶን አያጣም። እነዚያ ቀጥ ብለው የቆሙ መልከ መልካሞችዎ ሁሉ በእግራቸው አልመጡም፤ በእህቴ ግራ ትከሻ ታዝለው ነው ደጃፋችን የደረሱት። ከአርባ ሦስቱ ደንበኞች አንዱ እኔ ነኝ። ከሦስቱ ሴንቲ ሜትር ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ ከእንግዲህም ካታሎግ እንዳይላክልኝ በዚሁ አስታውቃለሁ። የቀረውን ክቡርነትዎ ይረከቡኝ።

ንድፍዎ እንዳይሳሳት፣ ደንበኛዎም እንዳይተነፍስ ዘወትር የምመኝ፣ ለማኅተምዎ ለመጨረሻ ጊዜ ያጎነበስኩ፣

የቀድሞ ደንበኛዎ፣
ጡረተኛው ቀያሽ፣ በሰፈር ስሙ ኢንጂነር መርፌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህ ደብዳቤ ዋና ቅጂ በአደራ ተመዝግቦ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ ይደርሳል። ሕንፃዎ በእህቴ መስመር ላይ ነው፤ የሐሙሱም ዙር የመጨረሻዋ ነው። ዩኒፎርሟን አስቀድማ ስላስረከበች የምትመጣው ኮቱን ለብሳ ነው፤ ዓርብ መድረክ የምትወጣውም በዚያው ነው። የአደራ ደብዳቤ ተቀባዩ ራሱ ካልፈረመ አይሰጥም። ስለዚህ መዝገቡን ዘርግታ ፊትዎ ስትቆም፣ እባክዎ ክቡር ሆይ፣ ቀጥ ብለው ይፈርሙላት።