ጥቁር አዝሙድና ሰባት ሰዓት

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1964

ረሳህ ተባልኩ። አሥራ አንድ ዓመት በዐሰብ ወደብ የመርከብ ገመድ ያሳሰርኩ ካቦ መርከብ ረሳሁ። መርከቧ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደርሳ ገመዷን የሚቀበላት አጥታ ቆማለች። እኔና ሠራተኞቼ የደረስነው በሰባት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ። ሹማችን አቶ ግርማ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ በሐዘኔታ አየኝ።

"ካቦ ተሰማ፣ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁዎት እኮ። አንድ ሰዓት ብዬ።"

"ሰባት ነው ያሉት።"

"ወረቀቱ የታለ?"

የእሑድ ኮቴን ሳይቀር ቤት ሄጄ ገለበጥኩ። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ክብሪት፣ ብዙ አሸዋ። ቅዳሜ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። የመነጋገሪያው ርእስ የተሰማ ጭንቅላት ነው። አልቆለት ከሆነ ጡረታ።

አልወጣም።

ማክሰኞ

ባለቤቴ አሰለፈች ከኮሚቴው ቀድማ ፈረደች። "አንተ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት በእህቴ ስም ጠርተኸኛል።" አልካድኩም። እሑድ ለዳቦ ብዬ ከሳልሕ ሱቅ ያመጣሁትን ጥቁር አዝሙድ ከጥቅሉ ቆንጠር አድርጋ ወቀጠች፣ በማር ለወሰች፣ አንድ ማንኪያ አጎረሰችኝ። ለማስታወስ ፍቱን ነው ትላለች። በየጠዋቱ እስከ ቅዳሜ።

ቢያንስ አብሾ አይደለም። ቆሎ ተማሪ ሳለን ትምህርት ይገልጣል ብሎ አብሾ የጠጣ ጓደኛ ነበረኝ። ዳዊቱን ያዘ፤ ራሱን ለቀቀ።

ረቡዕ

ሆዴ ተቃጠለ። አእምሮዬ እንዳለ ነው። ሳልሕ ዘንድ ሄድኩ።

"ያ ተሰማ፣ ይኼ ከሞት በቀር የማያድነው የለም" አለኝ።

"ለመርሳትስ?"

"ለመርሳት፣ ለሆድ፣ ለራሰ በራ።"

አናቱን አየሁት። አንዲት ፀጉር የለችበትም።

"አንተ ታዲያ አትወስድም?"

"እረሳዋለሁ" አለ።

ሐሙስ

ክሊኒክ። ድሬሰሩ ጸጋይ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልሳቀብኝም። "ጋሽ ተሰማ፣ ጥቁር አዝሙድ ለሽማግሌ ማስታወስ ሲረዳ አላየሁም፤ አይረዳም ብዬም አልምልም። የግፊት ኪኒን ስለሚወስዱ ግን አያብዙት። ይልቅ በደንብ ይተኙ፣ ነገሩን ይጻፉ።"

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ራሴንም ፈተንኩ። መጀመሪያ ያሰርኳት መርከብ ስም፦ አለ። የሠራተኞቼ ስም ከነአባታቸው፦ አለ። የበይሉል መንደሩ ዓሣ ነጋዴ የዋሸኝ ውሸት በሙሉ፦ አለ። የትናንት ምሳ፦ ጠፋ። አሰለፈችን ጠየቅኋት።

"ትናንት መቼ ምሳ በላህና? ተቆጥተህ ትተኸው ወጣህ እንጂ።"

ስለዚህ ይኼም በእኔ ይመዝገብ።

ዐርብ

ጥቅሉ አለቀ። አሰለፈች የመጨረሻዋን ፍሬ ላራግፍ ብላ ወረቀቱን ፈታችው። ውስጡ ጽሕፈት አለ። የአቶ ግርማ እጅ፣ ያ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የሚሄደው፦ "ካቦ ተሰማ፣ ነገ ሰባት ሰዓት መርከብ አለ።"

ሰባት። በግልጽ ሰባት።

አቶ ግርማ ከመርከቧ በሬዲዮ የተነገረውን የመርከበኞችን ሰዓት እንዳለ ገልብጦታል። የእነሱ ቀን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የእኛ ከንጋት። የእነሱ ጠዋት ሰባት የእኛ አንድ ነው። ስድስት ሰዓት የረሳው እሱ፣ አዝሙድ የዋጥኩት እኔ።

ቅዳሜ

ወረቀቱን ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሦስቱም የኮሚቴው አባላት አንብበው ወደ አቶ ግርማ ዞሩ። አንገቱ ቀላ።

"እኔ እንኳ... የፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነበር" አለ።

"እኔ ደግሞ የፈረንጅ ካቦ አይደለሁም" አልኩ።

ከመካከላቸው ሽማግሌው ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። ጡረታ ይውጣ የሚለው ማመልከቻ ተቀደደ። ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ በአንድ ሰዓት፣ በእኛው።

አሰለፈች "አየህ፣ መድኃኒቱ ሠራ" አለችኝ። መድኃኒቱ ሳይሆን መጠቅለያው ነው ብላት አታምነኝም።

አንድ ነገር ግን ለዚህ ደብተር ብቻ። እሑድ ዕለት ሳልሕ መጠቅለያ አጥቶ ኖሮ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ዛሬ እሱ ነገረኝ። እኔ እስካሁን አላስታውሰውም። ኮሚቴው ይህን አልጠየቀም።