ሳይታጨድ የቀረው ዳር

ይድረስ አገር ቢያርቅህም ከደጃችን ላልጠፋኸው ለወንድሜ ለዓለምነው ገብረማርያም፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀት ተስማማህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ባለቤትህ ሰገንስ፣ ያቺ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅህ አምሳልስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ከዓይናቸው መድከም፣ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆኑም። ዳልቻዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ቤቱ ሁሉ በናፍቆትህ ነው ያለው፤ እኔ ግን ይህን ያህል እንደምትናፈቅ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ እሄድ ነበር።

ደብዳቤ ሲደርስህ ስልክ ጠፋ ወይ እንደምትል አውቃለሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ ቢኖርም አባባ እንዲህ ያለ ነገር ጉብታ ላይ ተወጥቶ እየተጮኸ አይነገርም፣ ጻፊለት አሉኝ። ስለዚህ ከወረታ ጭኖ ወደ እናንተ ለሚወርደው ለሹፌሩ ለየሻው ሰጥቼዋለሁ። ጽፌ ስጨርስ እንዳነብላቸው አዘውኛል፤ እርሳቸውን የሚያማ ቦታ ካገኘህ፣ ካነበብኩላቸው በኋላ የጨመርኩት ነው።

በፋሲካ ከተጋጫችሁበት ነገር ልጀምር። አንተ፣ ስንት ሺህ ዘመን ያስቆጠረ መጽሐፍ ለዛሬ ሰው ክፉና ደጉን ሊለይለት አይችልም አልክ። ባሪያ መግዛትን የሚፈቅደውን ትተን ባልንጀራህን ውደድ የሚለውን ከያዝን መራጩ ልባችን ነው፣ እንግዲያው መሠረቱም ልባችን ነው አልክ። አባባ ደግሞ ልብ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ነው፣ በልብ ላይ ቤት አይሠራም አሉ። ከዚያ ሁለታችሁም ድምፃችሁን ከፍ አደረጋችሁ፤ ወጡ ቀዘቀዘ፤ በማግስቱም ሳትመረቅ ሄድክ። እማዬ እስከ ዛሬ የምታነሳው ክርክሩን ሳይሆን ወጡን ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሩዙ ደግ ነበር። ማሳው ላይ የተኛው የክረምት ውሃ በጊዜው ሸሸልን፤ ጓያውንም እንደ ልማዳችን ሩዙ ሳይታጨድ ከሥሩ ጭቃው ላይ ዘራነው፤ አጨዳ ሲደርስ በቅሎ ነበር። ታዲያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው በሚካኤል ደጅ ተሰብስቦ ዘንድሮ ቃራሚ አይግባ ብሎ ተስማማ። ምክንያቱ ጓያው ይረገጣል ነው። አጫጁስ እግር የለውም ወይ ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ። ቃራሚ ማለት እንደምታውቀው እነዚያ ከጉብታው ሥር ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ አማከለችና መሰሎቿ። መሬት የላቸውም፤ ነዶው ከተነሳ በኋላ የወደቀውን ዛላ ለቅመው ነው ክረምቱን የሚገፉት። አማከለች ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ የልጅ ልጆቿን የምታሳድገው እሷው ናት። አባባ አይሆንም ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፤ ይሁን አሉ። ከራስ በላይ ንፋስ ሆነና ማንንም ልቡ አልከሰሰውም። እኔም ብሆን አጉረመረምኩ እንጂ እንቅልፍ አላጣሁም።

በሌላው እሁድ አባባ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን አምጪ አሉኝ። ያቺን ስለ ቃርሚያ የምትናገረዋን አንብቢልኝ፣ ለወንድምሽ እንጽፍለትና ለድሃ የሚያስብ መጽሐፍ መሆኑን ይወቅ አሉ። ከልባቸው ነው፤ ማሳውን መዝጋታቸው ትዝም አላላቸው። ከኦሪቱ ፈልጌ አወጣሁት። መከርህን ስትሰበስብ ዳር ድንበሩን ጠርገህ አትጨድ፣ የወደቀውንም ለድሃና ለመጻተኛ ተወው ይላል። አባባ ራሳቸውን በደስታ እየነቀነቁ ሲሰሙ ቆዩና ድንገት መነቅነቃቸውን አቆሙ። እኔም ተንኮል አላጣሁምና ቀጥዪ ሳልባል ቀጠልኩ። እዚያው ወረድ ብሎ፣ በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር አትዝራ ይላል። የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብታቸውን ጣሉ። ቃራሚ የከለከልነው ለጓያው ብለን ነው፤ ጓያው ደግሞ ያ አትዝራው የተባልነው ሁለተኛ ዘር መሆኑ ነው። መጽሐፉን ዝጊው አሉኝ፤ የዚያን ቀን ምሳም በቅጡ አልበሉ።

በማግስቱ እጃቸውን ይዤ መሪጌታ ማረው ዘንድ ሄድን። መሪጌታ በደንብ አስረዷቸው፤ ዘር አትደባልቅ የተባለው ለዚያን ጊዜ ሕዝብ ምልክት ነው፣ ለድሃ ማዘን ግን ዘመን አይሽረውም አሉ። አባባ አመስግነው ወጡ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከናቸው። «ደግ ብለዋል። ግን ይኸኛው ምልክት፣ ያኛው ሕግ መሆኑን በምን ለዩት? ይህንኑ አይደል ዓለምነው የጠየቀኝ?» አሉኝ። ወንድሜ፣ አባታችንን እንደዚያ ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም። በስተርጅና እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለእርሳቸው ቀላል እንዳይመስልህ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ በትራቸውን ይዘው እኔን አስከትለው ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ሄዱ። አማከለች ጭቃ ስታቦካ ደረስን። ደንግጣ ብድግ አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አባባ፣ ማሳዬ ክፍት ነው፣ ግቡና ቃርሙ፣ መጽሐፉም ያዛል አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነችና እንዲህ አለች፦ «በእናትዎም ዘመን እንገባ ነበር ጌታዬ። እርሳቸው ግን መጽሐፍ ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም። የወደቀ የእናንተ ነው ብቻ ነበር የሚሉን።»

አያታችን ፊደል እንዳልቆጠሩ አንተም ታውቃለህ። አባባ ቀጥለው ውሃ ስጪኝ አሏት። የእሷ እጅ የሠራው እንስራ በየቤታችን አለ፤ ከቤቷ ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ገበሬ ግን የለም። የሰማችውን ያመነች አልመሰለችም፤ አባባ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። በጣሳ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ እስከ ታች ጠጡትና ይስጥልኝ አሏት።

ስንመለስ፣ ወንድምሽ ይህን ቢሰማ ረታሁ ይላል አሉ። እኔም፣ አያቴ ባያነቡም ቅዳሴ የማይቀሩ ሰው ነበሩ፣ እዚያ ሰምተውት ቢሆንስ አልኳቸው። እሱን የምታውቅ እናቴ ብቻ ነበረች አሉ። እኔ የሚመስለኝን ልንገርህ። ልባችንን ብቻ ብንሰማ ኖሮ ማሳው እንደተዘጋ ይቀር ነበር፤ መጽሐፉም ቢሆን ማሳው ሲዘጋ እቤታችን ተቀምጦ ነበር። ከዚህ በላይ አልዘልቅም፤ የተማርከው አንተ ነህ።

ቃራሚዎቹ ገቡ። ጓያው አልተረገጠም ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ተረግጧል። ጎረቤታችን ቢሻው አገር የተስማማበትን አፈረሱ ብሎ አባባን ሰላም ማለት ትቷል። ሌሎች እንደ አባባ ከፍተዋል፤ አሁንም የዘጉ አሉ። አባባ የተረገጠውን ቡቃያ በእጃቸው እየዳሰሱ አዩትና ወደ ከብቶቹ ሄዱ።

እንድጽፍልህ የታዘዝኩት ዋናው ነገር ይኸውልህ። ከወንዙ ወገን ያለችው ያንተ ድርሻ ዘግይታ ነው የደረሰችው። መሐሏ ታጭዶ ተከምሯል፤ ዳሯን ግን አባባ አስቀሯት። የራሳቸውን ማሳ ዳር ለቃራሚ ለቀዋል፤ ያንተን አላጨዱትም፣ ለማንም አልሰጡትም። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፦ «የእኔን ዳር መጽሐፉ አዞኝ ተውኩት። የእሱ መሬት የእሱ ነው፤ በእኔ መጽሐፍ አላዝበትም። ልቡን ይጠይቅና ይንገረኝ። ብቻ እኔ ከታዘዝኩት ያነሰ እንዳይሆን።»

ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበራቸውም። እንዲያውም ለጥምቀት ቢመጣ ምን አለበት፣ ምርቃቱን ይዤለት ተቀምጫለሁ አሉ። ስለዚህ አትኩራ፤ ሁለታችሁም እልኸኞች ናችሁ፣ መሐል ላይ የምሰቃየው እኔ ነኝ። ዛላው ደርቋል፣ ወፍም ጀምሮታል፤ መልስህን በስልክም ይሁን በሰው ቶሎ ላክ።

አባባ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብለዋል። እማዬ ዓይኖችህን ትስማለች፤ ስትመጣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላልኝ ብላለች። ሰገንን በጣም ሰላም በልልኝ። አምሳልን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ አክስትሽ የጥጃውን ስም እንድታወጪ ትጠብቅሻለች በላት። መሪጌታ ማረው እንደ ልማዳቸው በጸሎት ያስቡሃል፤ በክርክርም ይጠብቁሃል።

አማከለችም ሰላም በይልኝ ብላለች። ስለዚያች ዳር ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ግን ቁናዋን ይዛ ከድንበርህ ላይ ቆማ አየኋት። አልገባችም። ምን ልበላት?

የምትወድህ እህትህ ይርገዱ ገብረማርያም

ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.